ካርዱ ጃናሞራ፣ መራጯ ጠዳ

«መምረጥ የፈለገ አገሩ ገብቶ ይምረጥ።» ይህን የማይል ሰው አላገኘሁም። የቀበሌ ሊቀመንበሩም፣ የገዥው ፓርቲ አባልም፣ የተቃዋሚ ፓርቲ አስተባባሪም፣ ለተማሪ ቤት የምታከራየው እናትም ይሉታል። በሌላ ጉዳይ ሁሉ የማይስማሙ ሰዎች በዚህ አንድ ናቸው። ምክንያታቸውም ለጆሮ ደስ ይላል፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚያውቁት ሰው ፊት፣ በተወለዱበት ቀበሌ፣ ስምን ጠርተው ከሚያስተናግዱ ጎረቤቶች መካከል ተሰልፎ ነው፤ ርቆ መምረጥ ለሌባ በር ይከፍታል ይላሉ።

እኔ ይህን አመለካከት እቃወማለሁ። በቀበሌ ፍቅር የተሸፈነ ቢሆንም በሥራው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጠውን ወጣት ከምርጫ ያስቀራል። ርቆ መምረጥ ለጥቂቶች የሚሰጥ ችሮታ መሆኑ ቀርቶ በምዝገባ ቀን ከቀበሌው የራቀ ሁሉ የሚጠይቀው መብት መሆን አለበት። ይህ መብት በአዋጅ እንዲጻፍ፣ በመጀመሪያም ለአዲስ መራጮች እንዲሠራ እሟገታለሁ።

ነገሩን በጠዳ እንየው። ጠዳ ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ ከአዘዞ ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ ሆና በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር ትገኛለች። የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው እዚህ ነው። ነርስ፣ አዋላጅ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ባለሙያ ለመሆን የሚማሩ ወጣቶች ከደባርቅና ከዳባት፣ ከጃናሞራና ከበየዳ፣ ከወገራ፣ ከበለሳ፣ ከጭልጋ፣ ከደምቢያ ይመጣሉ። አብዛኞቹ 12ኛ ክፍልን ገና የጨረሱ፣ 18 ዓመት የሞላቸው ወይም ትንሽ ያለፋቸው ልጆች ናቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ከቤት የተላከላቸውን ዱቄትና ሽሮ እየቆጠቡ ይማራሉ። አገራችን «ተተኪ ትውልድ» እያለች ንግግር የምታደርግላቸው እነዚህ ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ ከጃናሞራ የመጣች ናት እንበል። «አገርሽ ገብተሽ ምረጪ» ስትባል ምን እየተባለች ነው? ከጠዳ ጎንደር፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ደግሞ በተራራው መንገድ መካነ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ቀበሌዋ በእግር። ጉዞው ደግሞ አንድ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫ የመራጮች ምዝገባ የተጀመረው በመጋቢት ነበር፤ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14። ስለዚህ ተማሪዋ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሄዳ ካርድ ታወጣለች፣ ትመለሳለች፤ በሰኔ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ካርዷን ይዛ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አራት ጊዜ ተራራ መሻገር ማለት ነው። የመኪና ክፍያው የአንድ ወር ቀለቧን ይበላል። ከትምህርት ትቀራለች፤ የተግባር ልምምድ ላይ ከሆነች በየጤና ጣቢያው የሚፈረምላት ሰዓት ይጎድላል። ባለፉት ዓመታት በጎንደር ዙሪያ መንገዶች ላይ እገታ ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ የምናውቅ ሰዎች ደግሞ ለአንዲት የ19 ዓመት ልጅ «ሂጂና ምረጪ» ለማለት አፋችን እንዴት እንደሚታዘዝልን አይገባኝም። የገዛ ልጃችን ብትሆን አንልክም።

«አንድ ምርጫ ቢያልፋት ምን አለበት? በሚቀጥለው ትመርጣለች» የሚል አለ። ምርጫችን በየአምስት ዓመቱ ነው። በ20 ዓመቷ ያመለጣት ሴት ቀጣዩን የምታገኘው በ25 ዓመቷ ነው። እሱም በቀኑ ከተካሄደ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ወደ 2013 ተላልፏል፤ የ2007ቱ ምርጫ ባለፈ ማግስት 18 ዓመት የሞላው ሰው የመጀመሪያ ድምፁን ለመስጠት ስድስት ዓመት ጠብቋል። ያ ወጣት በዚያች ቀን ከቀበሌው ርቆ ከነበረ ሰላሳ ዓመት ሊሞላው እየተቃረበ አንድም ጊዜ ያልመረጠ ሰው ይሆናል። መምረጥ ደግሞ የሚለመድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ካመለጠ ሁለተኛውን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ ልምጣ፤ የተማሩ ሰዎች የሚወዱት ይህን ነው። «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ጠዳ ከስድስት ወር በላይ ኖራለች፤ እዚያው ተመዝግባ ትምረጥ» ይላሉ። እውነት ነው፣ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለመራጭነት የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊ ዜግነትን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመትን እና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ነው። በወረቀት ላይ በሩ ክፍት ይመስላል። ቀበሌ ሄዶ የሞከረ ግን የሚያጋጥመውን ያውቃል፤ መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛው ያለው ጃናሞራ ነው፤ እንደገና ያው መንገድ። መሸኛ ማውጣት ደግሞ ከአንድ ደብዳቤ በላይ ነው፤ ስሟ ከቤተሰብ ቅጽ ይነሳል፣ የዚያ ቀበሌ ነዋሪነቷ ያበቃል። በገጠር ነዋሪነት ከመሬት፣ ከማኅበር፣ ነገ ተመርቃ ስትመለስ «የአካባቢው ልጅ» ተብላ በጤና ጣቢያ ከመቀጠር ተስፋ ጋር የተሳሰረ ነው። ለሁለት ሦስት ዓመት ትምህርት የመጣች ልጅ ይህን ሁሉ አፍርሳ ለአንድ ቀን ድምፅ ጠዳ ነዋሪ እንድትሆን መጠየቅ ተገቢ አይደለም። በገጠር መታወቂያ የሌለው ሰው በሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ምስክርነት ሊመዘገብ ይችላል፤ እርሷን የሚያውቋት ምስክሮች ግን የት ነው ያሉት? ጃናሞራ። ጠዳ የሚያውቋት አከራይዋና የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ እነሱም እንደ እርሷ እንግዳ ናቸው።

መሸኛው ቀርቶ ነገሩ ሁሉ ቢቀልላት እንኳ እዚያው ትምረጥ የሚለው መልስ በመሠረቱ ስህተት ነው። የእኛ ሥርዓት በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ዕጩ የሚያሸንፍበት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫዎች እያንዳንዳቸው የአንድ የምርጫ ክልል ናቸው። ጃናሞራ ልጆቿን አስተምራ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ጤና ጣቢያ መድኃኒት እጦት ዕጩውን ጠይቀው ሊያፋጥጡት የሚችሉት እነዚያ ልጆች ናቸው። በምርጫ ቀን ድምፃቸው ከጃናሞራ ከተነቀለ ደጋው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ልጆቹንም ድምፃቸውንም ያጣል። በአንጻሩ ጠዳ ምን ታገኛለች? ነገ ተመርቀው የሚሄዱ፣ የከተማው ቆሻሻ ማስወገጃ፣ የመሬት ሊዝ፣ የንግድ ፈቃድ የማይነካቸው ሰዎች በነዋሪው ጉዳይ ላይ ይወስናሉ። የጠዳ ነዋሪ በዚህ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም። ተማሪዋ መኖር የምትፈልገው ጠዳ ከሆነ እዚያ ትመዝገብ፣ መብቷ ነው። ልቧም ኑሮዋም ጃናሞራ ከሆነ ግን ጠዳ ሆና ለጃናሞራ ዕጩ ድምፅ የምትሰጥበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ምርጫው የእርሷ እንጂ የመኪና ክፍያው መሆን የለበትም።

«እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር አይሆንም» ለሚለኝ ሰው የምመልስለት በባዕድ አገር ምሳሌ አይደለም፤ በእኛው አገር ሆኗልና። የምርጫ ሕጋችን ልዩ የምርጫ ጣቢያ የሚባል ነገር ያውቃል። በካምፕ ላሉ የመከላከያ አባላት፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች፣ ከቀያቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ተከፍቷል። በ2013 ለተፈናቃዮች፣ ከተነቀሉበት የምርጫ ክልል ለሚወዳደሩ ዕጩዎች ድምፅ የሚሰጡበት መንገድ ታስቦላቸው ነበር። ስለዚህ ሰው ከመሬቱ ሳይደርስ ለመሬቱ ሊመርጥ ይችላል የሚለው መርህ ያለቀ ጉዳይ ነው። የቀረው ለማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የሐረሪዎች ጉዳይ ነው። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫዎች አሉት፤ ከእነዚህ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ የሚመርጧቸውም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትን ጨምሮ ሐረሪዎች ናቸው። ለ6ኛው ምርጫ ሲዘጋጅ ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ያሉት መምረጥ አይችሉም አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለሐረሪዎች ወሰነ። መስከረም 20 ቀን 2014 በሐረሪ ምርጫው ሲካሄድ በአዲስ አበባና በሌሎች ቦታዎች ላሉ ሐረሪዎችም ጣቢያ ተከፈተ። ሰማይ አልተናደም። ምርጫው በአገር ውስጥ ርቀው በሚኖሩ ሰዎች ድምፅ ፈረሰ ያለም የለም። ሐረሪዎች ያገኙት መብት በታሪካቸውና በክልላቸው ሕገ መንግሥት የቆመ ነው፤ አልቀናባቸውም። ግን አዲስ አበባ ያለ ሐረሪ ለሐረር ድምፁን በሣጥን ከቶ ከደረሰለት፣ ጠዳ ያለች የጃናሞራ ልጅ ድምፅ ከዚያ ያነሰ ርቀት እንዳይሻገር የሚያግደው ምን ቴክኒክ ነው? ቴክኒክ የለም። የተሟጋች እጦት ነው።

ልዩ ጣቢያው ራሱም ጉድለት አለው። አሳቡ የተቀረጸው በአንድ ግቢ ታጥሮ፣ ተቆጥሮ ለሚኖር ሰው ነው። ካምፕ፣ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ፣ መጠለያ። ማራኪ ወይም ቴዎድሮስ ግቢ ውስጥ ለሚያድረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመቻል። በጠዳ ቤት ተከራይታ ለምትማረው፣ በግል ኮሌጅ በማታ ለሚማረው፣ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ብየዳ ለሚማረው ግን በሩ የት እንደሆነ የሚነግረው የለም። መብት በአጥር ልክ መለካት የለበትም።

ወደ ሌብነቱ እንመለስ፤ ተቃዋሚዎቼ ጠንካራ ነን የሚሉት እዚህ ላይ ነውና። ርቆ የተሰጠ ድምፅ በመንገድ ይለወጣል፣ ይጨመራል፣ ይጠፋል ይላሉ። ታሪካችንን እንጠይቅ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ሲወስዱ ርቆ መምረጥ ነበር ያደረሰን? ሰው በየቀበሌው ተሰልፎ፣ ጎረቤቱ እያየው ነው የመረጠው። እንዲያውም ጎረቤቱ እያየው መሆኑ ነበር አንዱ ችግር፤ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ የወጣ ሰው በማን ዓይን ሥር እንደሚመርጥ ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. ክርክሩ ሁሉ የነበረው በቆጠራውና በውጤት አገላለጹ ላይ ነበር፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ድምፅ እንደገና የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው። በኢትዮጵያ ድምፅ የጎደለው ወኪሎች ከጣቢያ ሲባረሩ፣ ውጤት ሳይለጠፍ ሲቀር፣ አርሶ አደሩ «ማዳበሪያ ትከለከላለህ» ተብሎ ሲፈራ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በትውልድ ቀበሌ ነው። አገርህ ግባ የሚለው ደንብ ከዚህ አንዱንም አልከለከለም።

ይህን ስል ርቆ መምረጥ አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛ አደጋዎች አሉት፣ መነጋገር ያለብንም ስለ እነሱ ነው። የመጀመሪያው ምሥጢርነት ነው። በጠዳ ከበየዳ የመጣ ተማሪ አንድ ብቻ ቢሆንና ድምፁ የታሸገበት ፖስታ ለብቻው ቢከፈት ማንን እንደመረጠ ይታወቃል። ሁለተኛው ጫና ነው፤ አለቃው ወይም አስተማሪው ባለበት ግቢ ውስጥ የሚመርጥ ሰው ነፃነቱ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ መምረጥ ነው፤ ጠዳም ጃናሞራም። አራተኛው ወረቀቱ ነው፤ በየጣቢያው የ547 ምርጫ ክልሎችን፣ በዚያ ላይ የክልል ምክር ቤቶችን ድምፅ መስጫ ወረቀት ማከማቸት አይቻልም።

ለእነዚህ መልስ ያለው በሌሎች ዘንድ ነው፤ ፊንላንድን ልጥቀስ። ፊንላንዳዊ ከምርጫው ቀን አስቀድሞ በአገሩ ውስጥ በየትኛውም የቅድሚያ ድምፅ መስጫ ቦታ ገብቶ መምረጥ ይችላል። የሚሰጠው ወረቀት የማንም ስም የለበትም፤ ባዶ ክብ ነው፤ እርሱ የዕጩውን ቁጥር ይጽፍበታል። ወረቀቱ በፖስታ ይታሸጋል፣ ፖስታው ማንነቱን ከሚገልጽ ወረቀት ጋር በሌላ ፖስታ ገብቶ ወደ መኖሪያው ማዘጋጃ ቤት ይላካል። እዚያ ስሙ በመዝገብ ላይ ምልክት ይደረግበትና የውስጡ ፖስታ ሳይከፈት ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል። በአንድ አሠራር ሦስት ችግር ተፈታ፤ ወረቀት ማከማቸት ቀረ፣ ሁለት ጊዜ መምረጥ ቀረ፣ ምሥጢሩ ተጠበቀ። በእኛ ወረቀት ላይ የፓርቲ ምልክት የሚታተመው ማንበብ ለማይችለው ወገናችን ነው፤ ትክክልም ነው። የጠዳ ተማሪ ግን የመድኃኒት መጠን አስልታ የምትጽፍ ሰው ናት፤ የዕጩ ስም መጻፍ አያቅታትም። ደቡብ አፍሪካም በ2024 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከተመዘገበበት ጣቢያ ርቆ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ለምርጫ ኮሚሽኑ እንዲያሳውቅ አድርጋለች። አስቀድሞ ማሳወቁ ለእኛም ይጠቅማል፤ የጃናሞራው ጣቢያ ይህች ልጅ ጠዳ እንደምትመርጥ ካወቀ በእርሷ ስም ሌላ ሰው አይመርጥም። በነገራችን ላይ ዛሬ በስሟ ሌላ ሰው እንዳይመርጥ ይበልጥ የሚጠብቃት ማን ነው? ሄዳ ካልተመዘገበች ስሟም የለም፣ ተመዝግባ ካልተመለሰች ስሟ በመዝገቡ ላይ ያለ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ይውላል።

ጫናውን በተመለከተ ጣቢያው ከኮሌጁ ግቢ ውጭ ይሁን፤ የአዘዞ ወይም የጠዳ መደበኛ ጣቢያ አንድ ጠረጴዛ ይጨምር። ወኪሎችና ታዛቢዎች በዚያው ይቀመጡ። የታሸገው ከረጢት ሲጓዝ ወኪሎች ይከተሉት፤ ስንት ፖስታ ከጠዳ ወጣ፣ ስንት ጃናሞራ ደረሰ የሚለው ቁጥር በሁለቱም በር ላይ ይለጠፍ። ፋይዳ መታወቂያ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር እየሰጠ ባለበት ዘመን አንድ ሰው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ የትናንቱን ያህል ከባድ አይደለም፤ ፋይዳ የሌለውን ሳያስቀሩ ማለት ነው።

አዲስ መራጭን መጠርጠር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት በፖስታ የተመዘገበ ሰው የመጀመሪያ ድምፁን በአካል ቀርቦ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል፤ ከመኖሪያው ርቆ ዩኒቨርሲቲ የገባ የ18 ዓመት ልጅ በዚህ ይያዛል። ሚሺጋንም ተመሳሳይ ደንብ ነበራት፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ ያለ ምክንያት ርቆ የመምረጥን መብት በግዛቱ ሕገ መንግሥት አስገባ። ክርክሩ በሁሉም አገር አንድ ዓይነት መሆኑን ያየሁት በዚህ ነው፤ ለአዛውንቱ የሚታመነው ፖስታ ለወጣቱ ሲሆን ይጠረጠራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ግን 18 ዓመት የሞላውን ዜጋ ሲጠቅስ አዲስና ነባር አላለም።

ስለ ተማሪ ብዙ የጻፍኩት ጠዳን ስላየሁ ነው እንጂ ተማሪ ብቻውን አይደለም። ከደጋው ጎንደር ወደ መተማና ወደ ሑመራ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደው ወጣትም ከቀበሌው ርቋል፤ ምርጫው በእርሻ ወቅት ሲሆን እርሻው ላይ ነው። በጎንደር ከተማ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅም፣ በአዲስ አበባ ሕንፃ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመውም እንዲሁ። እነዚህ ደሞዛቸው በቀን ነው፤ አንድ ቀን መቅረት አንድ ቀን አለመብላት ነው። ግቢ የላቸውም፣ ተጠሪ የላቸውም፣ ልዩ ጣቢያ ይከፈትላቸው ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሬጅስትራር የለም። ልዩ ጣቢያን ለዩኒቨርሲቲ ከፍቶ ለእነዚህ ያልከፈተ አሠራር የተማረውን ድምፅ ከላብ አደሩ ድምፅ አስበልጧል። ርቆ የመምረጥ መብት በሙያ ሳይሆን በርቀት ይወሰን የምለው ለዚህ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጥያቄ ሌላ ነው፤ ግብር፣ የኤምባሲ ገለልተኝነት፣ የዜግነት ማስረጃ የሚያነሳ ሰፊ ክርክር ነው። በአገሩ ውስጥ ያለውን ዜጋ ጥያቄ ሳንመልስ ያንን ሰበብ አድርገን ይህን ማሳደር የለብንም።

ምርጫ ቦርድ የመላ አገሩን መጠበቅ አያስፈልገውም። ጎንደር ከተማን ለሙከራ ይውሰድ፤ የጠዳ ኮሌጅ፣ የማሠልጠኛ ተቋማቱ፣ በአዘዞ በኩል ያሉ የቀን ሠራተኞች አሉለት፤ መዳረሻዎቹም ጃናሞራ፣ በየዳ፣ ወገራና ጭልጋ ይሁኑ። ወጪውንና የጠፋውን ፖስታ ቆጥሮ ለሕዝብ ይንገር። በየመድረኩ ስለ ወጣቱ የሚምሉት ፓርቲዎች ደግሞ በጋራ ምክር ቤታቸው ይህን አጀንዳ አስይዘው ይህን ይመልሱ፦ የጃናሞራዋ ተማሪ ድምፅ ሳጥን ውስጥ ባይገባ ማንኛችሁ ትጎዳላችሁ? ማንኛችሁስ ትጠቀማላችሁ? የሚጠቀም ካለ ስሙን ተናግሮ ይከራከረኝ።